አንድ ተዳፋት፣ ብዙ ዘመን



እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ የሰው ልጅ ምግቡን ከመልቀም ተነሥቶ ዛሬ ወዳለው እርሻ እንዴት ደረሰ የሚል ነው። ከሁለት ቀን በፊት ወደዚህ ስመጣ የመኪናችን ጎማ ተነፈሰና ከአንድ ዳገት ሥር ቆምን። ሾፌሩ ጎማውን እስኪቀይር ቀና ብዬ ተዳፋቱን አየሁ። ከታች ሁለት እረኞች ፍየሎቻቸውን ለቀው አጋም ይለቅማሉ፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ከእነሱ ከፍ ብሎ አንድ ሰው በሁለት በሬ ማሳውን ያሰልሳል። በማሳው ጠርዝ ባለችው የእግር መንገድ ደግሞ አንዲት እናት ዩሪያ የጫነች አህያ እየነዱ ይወጣሉ።

አጋም መልቀም ከእርሻ በፊት የነበረ አኗኗር ነው። በሬና ማረሻ የሺህ ዓመታት ዕድሜ አላቸው። ዩሪያው የፋብሪካ ልጅ ነው፤ የተወለደበት ሥራ ጀርመን አገር ከተጀመረ ከመቶ ዓመት ብዙም አላለፈው። በመማሪያ መጽሐፍ እነዚህ ሦስቱ እንደ መሰላል ተደርድረው ይሣላሉና አንዱን ረግጠን ሌላው ላይ የወጣን ይመስለናል። እዚህ ደቡብ ጎንደር፣ ስማዳና ጋይንት ላይ ግን ማንም ማንን ትቶ አልሄደም፤ ሁሉም እዚያው ተዳፋት ላይ ናቸው። የዛሬው ንግግሬ ይህ ለምን ሆነ የሚል ነው።

ከለቃሚው ልጀምር። ከዚህ ወደ ምዕራብ፣ በመተማ ቆላ፣ ሽንፋ የሚባል ወንዝ አለ። በዚያ ወንዝ ዳር ተመራማሪዎች ቆፍረው ያገኙት የሰው ሰፈር 74,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳለው ታውቋል፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር በተባለው መጽሔት ነው። ዕድሜውን ያወቁት በአፈሩ ውስጥ ከተገኘ፣ በዓይን ከማይታይ የእሳተ ገሞራ ብናኝ ነው። ብናኙ የመጣው ከኢንዶኔዥያ፣ ቶባ ከተባለው ተራራ ፍንዳታ ነው፤ ከእኛ ጋር ውቅያኖስ ይለየዋል። በዚያ ዘመን የሽንፋ ሰዎች አጋዘን መሰል አውሬ ያድኑ ነበር፤ የሰጎን እንቁላል ይበሉ ነበር። ከፍንዳታው በኋላ አየሩ ሲደርቅ ወንዙ እየተቆራረጠ ኩሬ ኩሬ ሆነ። ሰዎቹም ፊታቸውን ወደ ዓሣ አዞሩ። ኩሬው ሲያንስ ዓሣው መሸሻ የለውም። በበጋ ከወንዝ ኩሬ ላይ ብርብራ ወቅጦ በትኖ ዓሣ ያሰከረ ልጅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ፣ ሳይንቲስቶቹ በብዙ ገጽ የጻፉትን ነገር በአንድ ቀን ያውቀዋል። ከዚያው ስፍራ የተገኙት ትንንሽ ሦስት ማእዘን ድንጋዮችም የፍላጻ ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሏል።

ወደ ባሌ ተራሮች ብንሄድ ደግሞ ፍንጫ ሀበራ በተባለ የድንጋይ መጠለያ፣ ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ትልቁን የባሌ ፍልፈል እየጠበሱ ይኖሩ ነበር። ጉና ተራራ ላይ የውርጭ ሌሊት ያሳለፈ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ይህን የማነሣው ለቃሚው ደካማና ዘወትር ረኃብተኛ ነበር የሚለውን ወሬ ስለማልቀበል ነው። በብዙ አገር የመጀመሪያዎቹ ገበሬዎች አጽም ከለቃሚዎቹ አጽም ሲነጻጸር ቁመቱ አጥሮ፣ ጥርሱ ተበልቶ ይገኛል። ለቃሚው ሥሩንም፣ ፍሬውንም፣ ሥጋውንም፣ ዓሣውንም ስለሚበላ አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለለት። ገበሬው ግን ዓመቱን ሙሉ ያንኑ እህል ነው። ታዲያ ለምን አረሰ? ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ አየሩ ተለውጦ ነው የሚል አለ፣ ሰው በዝቶ ነው የሚል አለ። ለእኔ የሚጥመኝ መልስ ቀላል ነው። እህል ይቀመጣል። አጋም በሦስት ቀን ይበሰብሳል፣ ገብስ ግን ጎታ ገብቶ ክረምቱን ያሻግራል። የሚቀመጥ ነገር ያለው ሰው ልጅ ያበዛል፤ ልጅ ካበዛ በኋላ ወደ አጋሙ ልመለስ ቢል አጋሙ አይበቃውም።

እርሻ የተጀመረው ማንም ተነሥቶ «ከዛሬ ጀምሮ ገበሬ ነኝ» ብሎ አይደለም። የዱር እህል ሲደርስ ፍሬው ይረግፋል፤ ራሱን የሚዘራው እንዲያ ነው። ሰው ሲያጭድ የረገፈው መሬት ይቀራል፣ ያልረገፈው ወደ ቤት ይገባል። በሚቀጥለው ክረምት የሚዘራው ያ ያልረገፈው ነው። ይህ ለብዙ ትውልድ ሲደጋገም እህሉ መርገፍ ይረሳል፣ ያለ ሰው እጅም ራሱን መዝራት አይችልም። ጤፋችን ይህን ገና ጨርሶ አልረሳም። አጨዳው ሁለት ቀን ሲዘገይ ማሳው ላይ የሚረግፈውን ያየ ሰው የዱሩ ዘመን ትዝታ ከእህሉ እንዳልወጣ ያውቃል። የጤፍ ፍሬ ሺሁ ተቆጥሮ አንድ ግራም አይሞላም። የድሮ ቅሪቱን ከአፈር ለይቶ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ የሆነውም ለዚህ ነው።

ገብስና ስንዴ፣ ሽምብራና ምስር መጀመሪያ የለመዱት በመካከለኛው ምሥራቅ ነው፤ ነገሩ አሥር ሺህ ዓመት አልፎታል። ማሽላ የእኛው ወገን ነው። ከሱዳን ካሳላ አጠገብ፣ ከድንበራችን ብዙም ሳይርቅ፣ 5,000 ዓመት ገደማ የሆነው የማሽላ ቅሪት በሸክላ ስብርባሪ ላይ ታትሞ ተገኝቷል። ጤፍ፣ ኑግና እንሰት እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የለመዱ ናቸው። አህያም የምሥራቅ አፍሪካ ልጅ ነች፤ ዓለም ሁሉ ከእኛ ሰፈር ወሰዳት። የበሬያችን ሻኛ ግን ከሕንድ በኩል የመጣ ነው፤ ዶሮም ከሩቅ ምሥራቅ።

ለእናንተ ቅርብ ወደሆነው ማስረጃ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ጆአን ዶምብሮውስኪ የተባለች ተመራማሪ ከጣና በስተምሥራቅ፣ በጌምድር ውስጥ፣ ላሊበላና ናጫቢየት የተባሉ ሁለት ዋሻዎችን ቆፈረች። ይህ ላሊበላ የላስታው ላሊበላ አይደለም፤ ስሙ ብቻ ነው አንድ። በዋሻው ውስጥ 2,500 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ገብስ፣ ሽምብራና ሌላ ጥራጥሬ፣ የከብት አጥንትም ተገኘ። እንግዲህ አክሱም ገና ገናና ሳይሆን በዚህ ደጋ የገብስ ቆሎና ሽምብራ የሚበላ፣ ከብት የሚያረባ ሰው ነበር። እኔ ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ጊዜ የተሰማኝን ልንገራችሁ፤ አዲስ ነገር የሰማሁ አልመሰለኝም። ያ ሰው ከዋሻው ወጥቶ ዛሬ አንዱ ቤት በእንግድነት ቢገባ የሚቀርብለትን ያውቀዋል። የሚያደናግረው ድንቹ ብቻ ነው። ወደ ድንቹ እመለሳለሁ።

እርሻችን ከመቼ ጀምሮ ነው? ክሪስቶፈር ኤህረት የተባለ የታሪክ ምሁር በቋንቋ በኩል መጥቶ፣ ከእርሻ ጋር የተያያዙ ብዙ ቃላት ወደ ሴም ቋንቋዎቻችን የገቡት ከኩሽ ቋንቋዎች ስለሆነ እርሻው ከሴም ቋንቋዎቻችን ይቀድማል ብሎ ተከራክሯል። የዚህ እርሻ መሣሪያ የሆነው ማረሻ ደግሞ አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም። የውጭ ሰዎች ይህን እንደ ኋላቀርነት ሲጽፉት ኖረዋል። ተዳፋት ላይ አፈር ገልብጦ ለክረምት ጎርፍ ማዘጋጀት ምን ዓይነት ሥልጣኔ እንደሆነ ግን አልነገሩንም። በሌላ በኩል ማረሻው ነውር የለውም አልልም። ከአንድ ጊዜ በላይ ማረስን ይጠይቃል፤ ለጤፍ አራትና አምስት ጊዜ ነው። ለዚያ ደግሞ በሬ ያስፈልጋል፣ ያውም ሁለት።

ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ለቃሚው የሚተማመነው በሀገር ምድሩ ላይ ነበር፤ ገበሬው በበሬ ላይ ተደገፈ። እ.ኤ.አ. በ1887 ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ባስገቧቸው ከብቶች የመጣው የከብት ቸነፈር እስከ 1892 ድረስ አገሩን ጠረገው። ከብቱ ከአሥር ዘጠኙ አለቀ ተብሎ ይገመታል። መሬት ነበር፣ ዘርም በመጀመሪያው ዓመት ነበር፤ ያልነበረው የሚጎትት ነው። ሰዎች በእጃቸው ቆፈሩ። አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው ስም ያወጡለት ያ ነው። እስከ ዛሬም አንድ በሬ ያለው ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ ምንም የሌለው፣ በተለይ ባሏ የሞተባት እናት፣ መሬቷን በመጋዞ ትሰጥና ከራሷ ማሳ የምርቱን ከፊል ብቻ ታገኛለች። ሴት አታርስም የሚለው ልማድ ሲጨመርበት በሬው ከመሬቱ ይበልጥ ሀብት ሆነ ማለት ነው።

ስለ ሴቶች ከተነሣ የማልፈው ነገር አለ። የእርሻ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ትራክተር ገጽ ይሞላሉ፤ ስለ ወፍጮ አንድ አንቀጽ እንኳ አይጽፉም። እናቶቻችን በዶሮ ጩኸት ተነሥተው በጉልበታቸው ተንበርክከው በመጅ ይፈጩ ነበር። እህል ከጎታ ወጥቶ እንጀራ እስኪሆን ያለው ሥራ ከማረስ አያንስም። በእኔ ሚዛን ገጠራችን የገባው የሞተር ወፍጮ ገና ካልገባው ትራክተር የበለጠ ሕይወት ለውጧል። ኋላ ጥያቄ ካላችሁ ይህንን ተቃወሙኝ፤ በደስታ እከራከራለሁ።

አሁን ወደ ድንቹ። ድንች ከደቡብ አሜሪካ ተራሮች ነው የመጣው። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ጀርመናዊው የእጽዋት አጥኚ ዊልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይጠቀሳል። በመጀመሪያ ብዙ ሰው ንቆት ነበር፤ ያስወደደው ከክፉ ቀን ጀምሮ የመጣ ችግር ነው። ዛሬ የደቡብ ጎንደር ደጋ ያለ ድንች አይታሰብም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ጎተራው ባዶ በሆነበት፣ አዲሱ እህል ገና እሸት ባልደረሰበት በዚያ በክረምት ወራት ድንች ይደርሳል፤ ከተተከለ ሦስት አራት ወር ይበቃዋል። የአየርላንድ ሰዎችም እንዲሁ ወደዱት፤ አብዝተው ወደዱት። ድሀው ከድንች በቀር ምንም ሳይበላ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1845 ቅጠሉን እንደተጠበሰ የሚያደርገው በሽታ ገባና በጥቂት ዓመት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ። ያው በሽታ እዚህም አለ፤ ክረምቱ ዝናብ ሲበዛ ታውቁታላችሁ። ልዩነቱ የጋይንት ገበሬ ድንቹ ቢነድ ገብስ አለው፣ ገብሱን ውርጭ ቢመታው ባቄላ፣ ቆላ ወርዶ የሚያርሰው ደግሞ ማሽላ አለው። ስንዴና ገብስ ቀላቅሎ የሚዘራም አለ። የግብርና ሠራተኛው «ለይተህ ዝራ» ይለዋል፤ እሱ ግን ዝናቡ ቢያጥር ገብሱ፣ ቢረዝም ስንዴው ይሰጠኛል ይላል። የኋላ እግሩን ሳያነሣ የፊቱን የሚረግጥ ሰው ነው። ለቃሚው የነበረውን ብልሃት፣ በአንድ ነገር አለመደገፍን፣ ገበሬው ማሳው ላይ ዘራው ማለት ነው።

ይህን ካዩት የውጭ ሰዎች አንዱ ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 መጥቶ፣ ራስ ተፈሪን አነጋግሮ፣ በበቅሎ ሰሜኑን አቋርጦ ዘር ሰበሰበ፤ ኢትዮጵያንም የዓለም ሰብሎች ከመነጩባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዷ ብሎ መዘገባት። ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ስትከበብ የእሱ ተቋም ሠራተኞች እህል በተሞላ ክፍል ውስጥ እያሉ፣ ዘሩን ላለመብላት ሲሉ በረኃብ ሞቱ። ቫቪሎቭ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት በረኃብ አለፈ።

እኛም ያ ፈተና ገጥሞናል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ለዘር የተቀመጠው እህል ተበላ። ልጅ እያለቀሰ ዘር የሚቆጥብ ወላጅ የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ግን ዘሩ ሲያልቅ የሺህ ዓመት ምርጫ አብሮ ያልቃል። በዚያ ጊዜ አዲስ አበባ የሚገኘውን የእጽዋት ዘር ማእከል ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የአገር ዘር ከየገበሬው ሰብስቦ ማቆየትን፣ ለገበሬውም መመለስን ሥራቸው አደረጉ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ለዚህ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። የዘሩን ዋጋ ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ ጠባይ ዛሬ የካሊፎርኒያን ገብስ ከአንድ አደገኛ የቫይረስ በሽታ ይጠብቃል።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር፣ ይህ በሽሎ ወንዝ ማዶ ያለ ጉዳይ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከብዙ ሺህ የማሽላ ናሙና መካከል ላይሲን የተባለው ለሰውነት ግንባታ የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር የበዛባቸው ሁለት ዓይነቶችን ብቻ አገኙ። ሁለቱም ከወሎ ነበሩ። ትልቅ ግኝት ተባለ። የወሎ ገበሬ ለዚህ ዓይነት ማሽላ ያወጣው ስም «ወተት በጉንጬ» ነው። ላቦራቶሪው ከመድረሱ በፊት ጉንጩ ደርሶበታል።

ሳይንስን አቃልያለሁ ብላችሁ እንዳታዝኑብኝ። ጤፍን ከጤፍ ማዳቀል አይቻልም ይባል ነበር፤ አበባው ደቃቅ ነው፣ የሚከፈተውም ለአጭር ጊዜ ነው። ታረቀ በርሄ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ አበባው በማለዳ፣ ከ1 ሰዓት ወዲያ ወዲህ እንደሚከፈት አስተውለው መንገዱን ከፈቱ። «ቁንጮ» የተባለው ጤፍ ከደብረ ዘይት ምርምር ማእከል በ1998 ዓ.ም. የወጣው በዚያ መንገድ ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም ምግብ ሽልማትን የወሰዱት አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ ስላወጡ ነው። አቀንጭራ የበላው ማሳ ያለው የቆላ ገበሬ ይህን ማቃለል አይችልም።

ዩሪያው ቀረኝ። ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 የአየርን ናይትሮጅን ወደ አሞኒያ መለወጥን አሳየ፤ በ1913 ፋብሪካ ተተከለ። ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚበላው በዚህ ብልሃት ነው። እኛ ዘንድ ማዳበሪያ የገባው በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መባቻ ነው፤ ይኸው የሚመጣውም ባሕር ተሻግሮ በጂቡቲ ወደብ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2022 ዩክሬን ላይ ጦርነት ሲነሣ ዋጋው ስማዳ ድረስ ናረ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በክልላችን ገበሬው ገንዘቡን ይዞ ማዳበሪያ አጥቶ ሲጮኽ ሰማን። መጀመሪያ በሬው ላይ ተደገፍን፣ አሁን ደግሞ ከረጢቱ ላይ። በሬው እንኳ ደጃችን ነበር።

እዚህም ላይ የኋላ እግር አለ። ባቄላና ሽምብራ ያንኑ ናይትሮጅን ከአየር እየሳቡ በነጻ ያኖራሉ። ግብጦም እንዲሁ። ግብጦ መራራ ነው፤ ቀናት ወንዝ ውስጥ ካልዋለ አይበላም፣ ስለዚህ የድሀ ምግብ ተብሎ ይናቃል። ምንም በማያበቅል መሬት ላይ በቅሎ መሬቱን አክሞ የሚሄደው ግን እሱ ነው። ዩሪያውን አትግዙ አላልኩም፤ የደከመ መሬት ላይ በግብጦ ብቻ ቤተሰብ አይኖርም። ከረጢቱ የዘገየ ዓመት ግን ግብጦውን የዘራ ሰው ይሻለዋል።

ኮምባይነርና ትራክተር የአርሲንና የባሌን ሜዳ ይዟል፤ የእኛን ተዳፋት አይወጣም። አንድ የሚያስቀኝም የሚያሳዝነኝም ነገር ግን አለ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ የሴፍቲኔት ወረዳዎች ናቸው። ገበሬው በዶማና በእጁ እርከን ይሠራል፤ ለዚያም አንዳንዴ ገንዘብ፣ አንዳንዴ ስንዴ ይከፈለዋል። ያ ስንዴ ብዙ ጊዜ የመጣው ከአሜሪካ ሜዳ ነው፣ በኮምባይነር ታጭዶ። ስለዚህ እርከን ሠርቶ ማታ ቤት ሲገባ፣ ልጁ በቀን ከለቀመው አጋም አጠገብ በዓለም እጅግ ዘመናዊ የሆነው እርሻ ያመረተው ዳቦ ይቀመጣል። መሰላሉን የሣለው ሰው ይህን ቤት አላየም።

ከመድረኩ ከመውረዴ በፊት አንድ ልመና አለኝ። አንድ ደብተር ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ። ከጥቁር ገብስ፣ ከሰነፍ ቆሎ፣ ከዘንጋዳና ከጥንቅሽ ጀምሮ እናንተ የምታውቁትን፣ አያት ቅድመ አያቶቻችሁ ይዘሩት የነበረውን የእህል ዓይነት ስም እየጠራችሁ አስጽፉልኝ። መጻፍ የማይችሉ አባቶች ስሙን ይንገሩ፣ ተማሪዎቹ ይጽፋሉ። ከስሙ አጠገብ ዘሩ ዛሬም በማን ቀበሌ እንዳለ፣ ከጠፋም በየትኛው ዓመት እንደጠፋ ይጨመር። እናቶች ደግሞ ጭስ ላይ ለዘር ከሰቀሉት የማሽላ ራስ አንድ አንድ ቢያመጡልኝ ነገ እስከ ቀትር እዚሁ እቆያለሁ።